ሰው ለገደለ ፖሊስ ሜዳሊያ? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

አንድ ፖሊስ በሥራ ላይ ተኩሶ ሰው ይገድላል። ጉዳዩ ይመረመራል፣ ፖሊሱም ሳይከሰስ ይቀራል። ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ሜዳሊያ ያጠልቅለታል። የሟች እናት ይህን ከዜና ትሰማለች። ስለዚህ ጉዳይ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በየተራ ልመልስ።

ሕግ ነፃ ካወጣው መሸለሙ ምን ችግር አለው?

የወንጀል ችሎት የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥፋቱ ያለ ጥርጥር ተረጋግጧል ወይ? ካልተረጋገጠ ሰውየው በነፃ ይሰናበታል። እንደዚያም መሆን አለበት። ሽልማት ግን ለቀሩት ፖሊሶች “እንደ እሱ ሁኑ” ማለት ነው። ወንጀል ያልሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ አርአያ አይሆንም። ለኔ የጉዳዩ ቁልፍ ይሄ ነው።

በእውን የደረሰ ምሳሌ አለ?

የለንደኑን ላንሳ። ጁላይ 22 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. ዣን ቻርልስ ደ ሜኔዜስ የሚባል የ27 ዓመት ብራዚላዊ ኤሌክትሪሺያን በስቶክዌል ጣቢያ ባቡር ውስጥ በፖሊስ ተገደለ። ከአንድ ቀን በፊት በከተማዋ የቦምብ ሙከራ ተደርጎ ነበር፤ ፖሊስ ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ መስሎት ነው የተከተለው። መጀመሪያ ላይ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ነበር፣ መግቢያውን ዘሎ ሮጠ ተብሎ ተወራ። ሁለቱም ውሸት ነበር። የለበሰው ስስ የጂንስ ጃኬት ነው። በነፃ የሚታደል ጋዜጣ አንስቶ፣ በካርዱ ከፍሎ ነው የገባው።

በግል የተከሰሰ ፖሊስ የለም። በ2007 የለንደን ፖሊስ እንደ ተቋም በሥራ ጤናና ደኅንነት ሕግ ጥፋተኛ ተብሎ 175,000 ፓውንድ ተቀጣ። ዘመቻውን የመሩት ክሬሲዳ ዲክ ግን በግል ተወቃሽ አይደሉም ብሎ ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የዳኛ ጉባኤ (ጁሪ) በግልጽ ተናገረ። በ2010 የፖሊስ ሜዳሊያ ተሰጣቸው፤ በ2017 የለንደን ፖሊስ ኃላፊ ሆኑ። ቤተሰቡ ሹመቱን ተቃወመ።

የዳኛ ጉባኤውን ቃል ማክበር አለብን። እሳቸው አልተኮሱም፣ ሜዳሊያውም ለዚያ ቀን የተሰጠ አይደለም። የሟች ወገኖች ግን ለልጃቸው ሞት በስሙ ተጠርቶ የተጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አላዩም። ሹመቱንና ሽልማቱን የሚያዩት ከዚያ ቁስል ጋር ነው። እኔ በነሱ አልፈርድም።

ፖሊስ በሰከንድ ውስጥ ነው የሚወስነው። ከቤት ተቀምጦ መፍረድ አይከብድም?

ልክ ነህ፣ ሕጉም ያውቀዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 በሰጠው ውሳኔ ድርጊቱ መመዘን ያለበት በቦታው በነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ዓይን ነው ብሏል። ግን ከዚያች ሰከንድ በፊት ደቂቃዎች አሉ። ለምን ብቻውን ገባ? ርቀቱን ጠብቆ፣ አነጋግሮ፣ ረዳት ጠብቆ ቢሆንስ? ሸላሚው ኮሚቴ እነዚህንም መጠየቅ አለበት።

ሰው ሊፈጅ የመጣ ታጣቂን ተኩሶ ያስቆመስ?

ይሸለም! የተባበሩት መንግሥታት በ1990 ሃቫና ላይ ባጸደቀው መርሕ ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ የሚፈቀደው ሕይወት ለማዳን ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ፖሊስ ማመስገን ተገቢ ነው። የምስጋናው ወረቀት ግን ማንን እንዳዳነ ይጻፍበት።

ሳይተኩስ ነገሩን ያበረደውንስ ማን ያየዋል?

ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። የሎስ አንጀለስ ፖሊስ በ2015 ሕይወት ላተረፉ፣ መተኮስ እየቻሉ ለታገሡ ፖሊሶች የሚሆን ሜዳሊያ እንደሚጀምር አስታወቀ። የፖሊሶቹ ማኅበር ግን አባሎቻችን እንዲያመነቱ ያደርግብናል፣ ለአደጋ ያጋልጥብናል ብሎ ተቃወመ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ያመነታ ፖሊስ ሊሞት ይችላል። ቢሆንም ቢላ የያዘን የአእምሮ ሕመምተኛ ለረጅም ሰዓት አባብሎ ቢላውን ያስጣለ ፖሊስ ካልተሸለመ፣ ወጣቱ ምልምል ጀግንነትን የሚማረው ከተኩስ ብቻ ነው።

የተሰጠ ሽልማት ይነጠቅ?

አዲስ ማስረጃ ከወጣ አዎ። ሕዝብ ስለተቆጣ ብቻ ግን አይሆንም። ይልቅ የተሸለመበትን ምክንያት በዝርዝር ያውጡት፤ አብዛኛው ቁጣ የሚመጣው ከመደበቅ ነው።

የሟች ቤተሰብ ፈቃድ ይጠየቅ?

ፈቃድ አልልም። ግን ምርመራውም የፍትሐ ብሔር ክሱም ሳያልቅ ሽልማት መስጠት ነውር ነው። ካለቀም በኋላ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት አንድ ኃላፊ ቤታቸው ሄዶ ይንገራቸው። በስልክ ሳይሆን በአካል፣ ዩኒፎርሙን ለብሶ።