ኪያርሽ አብቦ አብቦ አላፈራ ላለሽ እህቴ

እህቴ፣ አዲስ አበባ ባለችሽ ትንሽ ጓሮ ሁለት ጊዜ ኪያር መዝራትሽን ጽፈሻል። አንዴ በሰኔ፣ አንዴ በመስከረም መጨረሻ። በመጀመሪያው ቢጫ አበባ ሞልቶ ረገፈ። በሁለተኛው ጥቂት ፍሬ ያዘ፣ እሱም እንደ ኮሶ መረረ። አሁን "የትኛውን ዘር ልግዛ?" ብለሻል።

እኔ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ጓሮዬ ያለ ኪያር ሆኖ አያውቅም። መጀመሪያ ቢሾፍቱ ነበርኩ፣ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ስለ ዘሩ እነግርሻለሁ፤ ግን ከዘሩ በፊት አበባውን እንይ።

ነገ ጠዋት ጓሮ ውጪና አንድ አበባ ከኋላው እዪው። ቀጭን ዘንግ ላይ ብቻ የተቀመጠ ከሆነ ወንዴ ነው። ከኋላው ትንሽዬ እሾሃማ ኪያር ካለች፣ የጣት ጥፍር የምታክል፣ እሷ ሴቴ ናት። ብዙዎቹ የኪያር ዓይነቶች መጀመሪያ የሚያወጡት ወንዴውን ነው፣ ሴቴዋ አንድ ሁለት ሳምንት ዘግይታ ትመጣለች። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለአንዷ ሴቴ አስርም ከዚያ በላይም ወንዴ ይወጣል። ወንዴው ደግሞ ሥራውን ሲጨርስ መርገፉ አይቀርም። ስለዚህ ከረገፈብሽ አበባ አብዛኛው ይኸው ይመስለኛል፤ አትደንግጪ።

ሴቴዋም ከነትንሿ ኪያሯ ቢጫ ሆና ከረገፈች ግን የወንዴው አበባ ዱቄት አልደረሳትም ማለት ነው። በሰኔ የዘራሽው የሚያብበው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚያ ዝናብና ዳመና ንብ ከቀፎዋ አትወጣም! ጥሩ ፍሬ እንዲያዝ ደግሞ አንዷን አበባ ንብ ደጋግማ መጎብኘት አለባት። ዱቄቱ በከፊል ብቻ ከደረሳት፣ ፍሬው አንድ ጫፉ ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ ጠማማ ይሆናል።

ንብ በሌለበት ጊዜ እኔ በእጄ ነው የማዳቅለው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጤዛው ሲደርቅ፣ በዕለቱ የፈካ ወንዴ አበባ እቀጥፋለሁ። ቢጫውን ልብስ ገንጥዬ እጥላለሁ። መሃሉ ላይ የሚቀረውን፣ ዱቄት የያዘውን ጉብታ፣ በሴቴዋ መሃል ቀስ አድርጌ ሁለት ሦስቴ አነካካለሁ። አበባዋ ክፍት ሆና የምትቆየው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከሰዓት ልመለስበት ብትዪ አልፎሻል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ትንሿ ኪያር ወፈር ብላ ወደ ታች ካዘነበለች ይዛለች። ይህን ያየሁ ቀን ዛሬም ደስታዬ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዘሩ። ሱቅ ስትሄጂ የፓኬቱ ፎቶ ሁሉም ያምራል። የምትጠይቂው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ይሄ ንብ ይፈልጋል ወይስ ያለ ንብ ያፈራል?" ያለ ንብ የሚያፈራው ፓኬቱ ላይ ብዙ ጊዜ "ፓርተኖካርፒክ" ተብሎ ይጻፋል። ከዚህ ሌላ "ጋይኖሺየስ" የሚል ታገኚ ይሆናል። እሱ አበባው ከሞላ ጎደል ሴቴ ብቻ ነው፤ ያለ ንብ ያፈራል ካልተባለ ግን ጎኑ ወንዴ ያለው ሌላ ኪያር ያስፈልገዋል።

ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት ከስሬበታለሁ። ቢሾፍቱ እያለሁ ሻጩ "ምርጥ ነው" ያለኝን የግሪን ሃውስ ረጅም ኪያር ከተራው ኪያር ጎን ለጎን ዘራሁ። ንቦቹ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመላለሱ። ያ ውድ ዘር፣ ውስጡ ዘር የሌለው ለስላሳ ኪያር መስጠት የነበረበት፣ ጫፉ እንደ ዱላ አብጦ በዘር ተሞልቶ ወጣ። ያለ ንብ የሚያፈራው ዘር ንብ ከደረሰበት እንዲህ ይበላሻል። ለየብቻ ነው የሚዘሩት።

ላንቺ ሜዳ ላይ ላለ ጓሮ እኔ የምመርጠው ማርኬትሞር 76ን ነው። አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ መንገር የሚባሉ ተመራማሪ ካወጧቸው የማርኬትሞር ዘሮች አንዱ ነው። ጥቁር አረንጓዴ፣ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል፤ በሽታም በቀላሉ አይጥለውም። ዲቃላ ስላልሆነ ዘሩን ራስሽ ማስቀረት ትችያለሽ። አንዱን ፍሬ ቢጫ እስኪሆን ተዪው፤ ከዚያ ዘሩን ከነእርጥበቱ ሁለት ሦስት ቀን አኑረሽ እጠቢና ጥላ ላይ አድርቂ። ቅርብሽ ሌላ ዓይነት ኪያር ካለ ግን ይዳቀላል፣ የሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚወጣ አይታወቅም።

ልጆች ካሉሽ ቤት አልፋ የሚባለውን ሞክሪ። ስሙን ያገኘው በሰሜን እስራኤል ካለ ኪቡትዝ (የኅብረት እርሻ መንደር) ነው። ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ሲሆን ይለቀማል፣ ልጣጩ ስስ ስለሆነ ሳይላጥ ይበላል። ዛሬ በዚህ ዓይነት የሚሸጡት ዲቃላዎች ብዙዎቹ ያለ ንብ ያፈራሉ፤ ስለዚህ ንብ ለማይደርስበት የኮንዶሚኒየም በረንዳ በጣም ይመቻሉ። የዲቃላን ዘር ግን ለዓመት አታስቀሪ፤ እናትየውን አይመስልም። ዘሩ ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም ከተቀባም መድኃኒት ነው፣ ልጆች እንዳይነኩት።

ወደ ምሬቱ ልመለስ። ሰው "ዱባ አጠገብ ስለተዘራ ነው የመረረው" ይላል። ኪያር ከዱባ ጋር አይዳቀልም፣ ዱባው ንጹሕ ነው። መራራው ኩከርቢታሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ ተክሉ ሲጨነቅ ይበዛል። የሚያስጨንቀው ደግሞ ውኃ መጥማት፣ ኃይለኛ ሙቀት፣ ወይም ቀን ሞቆ ሌሊት መቀዝቀዝ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፤ የጥቅምትና የኅዳርን ሌሊት ታውቂዋለሽ። ኪያር ከ15 ዲግሪ በታች እድገቱ በጣም ይዘገያል። አዳማ ወይም ባቱ ያለ ሰው በዚያው ወር ቢሳካለት አይግረምሽ፣ ከተሞቹ ከ1,600 እስከ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው።

የመረረውን ከግንዱ በኩል ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ቆርጠሽ፣ ልጣጩን ወፈር አድርገሽ ላጪው። ምሬቱ የሚከማቸው እዚያ ነው። ከዚያም በኋላ በጣም ከመረረ አትብዪው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ እኔ የምዘራው የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ያብባል፣ ክረምቱ ሳይከብድ እለቅማለሁ። ዘሩን በእርጥብ ሶፍት ጠቅልዬ፣ በፌስታል አድርጌ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አኖረዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ነጭ ጫፍ ያወጣል። ያኔ በጋዜጣ በተሠራ ትንሽ ኩባያ ውስጥ 2 ሳንቲሜትር ያህል አስገብቼ እተክላለሁ። ኪያር ሥሩ ሲነካ ይከፋዋል፣ ከነጋዜጣው ነው ወደ መሬት የማዛውረው። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከሥሩ፣ በመሃላቸው 40 ሳንቲሜትር፣ ከላይ ደግሞ በሲባጎ የተወጠረ መወጣጫ። ሐረጉ ሽቅብ ከወጣ ፍሬው ቀጥ ይላል፣ ቅጠሉም ነፋስ ያገኛል።

ውኃ ጠዋት፣ ሥሩ ላይ፣ ቅጠሉን ሳትነኪ። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ነገር ቅጠሉ ላይ ካየሽ፣ የታመመውን ቅጠል ቶሎ ቁረጪ። እኔ አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጬ በሳምንት አንዴ ፀሐይ ባለበት ጠዋት እረጫለሁ፤ ገና ሲጀምር ከሆነ ያስታግሰዋል። በክረምት የሚመጣው ሌላ ነው፤ በቅጠሉ ደም ሥሮች መሃል የታጠረ ቢጫ ነጠብጣብ ያወጣል። እሱ ሲይዝ ወተትም አያድነውም፣ ነቅዬ አስወግደዋለሁ።

ማፍራት ሲጀምር በየሁለት ቀኑ ልቀሚ። ቅጠል ሥር ተደብቆ ቢጫ የሆነ አንድ ፍሬ ካለ፣ ተክሉ ዘር ሰጠሁ ብሎ ሌላውን ያቆማል። በመቀስ ቁረጪ እንጂ አትጎትቺ። የካቲት ላይ ስትዘሪ የፓኬቱን ፎቶ ከፊትም ከኋላም አንስተሽ እዚህ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።