የፈረቃ ኃላፊው «እከሌን ምረጡ» ቢለንስ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ 240 የማኅበር አባላት አለን፤ በሦስት ፈረቃ እኩል ተከፋፍለን ነው የምንሠራው። በሚቀጥለው ወር የክፍል ተጠሪ እንመርጣለን። የፈረቃ ኃላፊያችን ማንን መምረጥ እንዳለብን ከአሁኑ ነግሮናል። ያለፈው ምርጫ የተካሄደው ከቀኑ 8፡00 ላይ፣ ጠዋት የገባው ፈረቃ ሲወጣ፣ እጅ በማውጣት ነው፤ የሌሊቱ ፈረቃ አልነበረም። ጓደኞቼ እኔ እንድወዳደር ይፈልጋሉ። ግን ኮንትራቴ በየ6 ወሩ እየታደሰ ነው 3 ዓመት የሠራሁት፤ «ከተወዳደርሽ አይታደስልሽም» ተብያለሁ። መወዳደሩን ብተወው ይሻለኛል? ካልተወዳደርኩስ ምን ዓይነት ሰው ብንመርጥ ይበጀናል?

መልስ፦ ከሚያስፈራዎት ነገር ልጀምር፤ ከኮንትራቱ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 9 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል። ከዚህ ውጪ የሚሆነው በአንቀጽ 10 የተዘረዘረ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው፦ ተለይቶ የታወቀ ሥራን ለመጨረስ፣ በፈቃድ ወይም በሕመም የቀረን ሰው ለመተካት፣ ድንገት የመጣን የሥራ ጫና ለመወጣት፣ ወቅት ጠብቆ ወይም አልፎ አልፎ የሚመጣን ሥራ ለመሥራትና የመሳሰለው። ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን የሚሽከረከር የፈትል ማሽን ከእነዚህ አንዱ ነው ብሎ ማስረዳት ለአሠሪው ቀላል አይሆንም። ወረቀቱ ላይ «6 ወር» መባሉ ብቻውን ነገሩን አይቆርጠውም፤ የሚታየው የሥራው ባሕርይ ነው። ስለዚህ የእርስዎ «አይታደስም» በሕግ ፊት ስንብት ሊሆን ይችላል። ስንብት ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 26(2) አለ፦ የሠራተኛ ተጠሪ መሆን ወይም ለመሆን መወዳደር ሠራተኛን ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛ በአንቀጽ 43 መሠረት ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። መመለስ ካልፈለገ ካሳ ይከፈለዋል፤ የካሳው ልክ የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያውም ይታከልበታል።

እዚህ ላይ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ቀኑ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ፍርድ ቤት ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይቀራል። «ሽማግሌ ልከናል፣ ሊጠሩኝ ነው» እየተባለ 3 ወሩ ያልፋል። ሽማግሌውም ይሂድ፣ ክሱም ይከፈት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ክሱ የሚቀርበው በወረዳው ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።

ያም ሆኖ «ስለተወዳደርሽ አባረርኩሽ» ብሎ የሚጽፍ አሠሪ የለም። የሚጻፈው «አርፍደሻል፣ ቀርተሻል» የሚል ነው። አንቀጽ 27 በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን፣ ወይም በድምሩ 5 ቀን የቀረን ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጡ ወዲያው ለማሰናበት ያስችላል። ለመወዳደር ካሰቡ ከዛሬ ጀምሮ ሰዓትዎን ይጠብቁ፤ ፈቃድ ሲወስዱ በቅጽ ይሁን፤ የሐኪም ወረቀት ሲሰጡ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» አስብለው ያስፈርሙ። ያላመኑበት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጣ «ይዘቱን አልቀበልም፣ መድረሱን ብቻ ፈርሜያለሁ» ብለው ከፊርማዎ በላይ ይጻፉ። የ3 ዓመቱን የኮንትራት ወረቀቶችና የደመወዝ ማስረጃዎች ሰብስበው ቤት ያስቀምጡ፤ ሎከር ውስጥ አይተዉአቸው።

አሁን ወደ ፈረቃ ኃላፊው እንምጣ። አንቀጽ 14(1) አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ሊፈጽማቸው የማይገቡ ድርጊቶችን ሲዘረዝር፣ ሠራተኛን ማኅበር ግባ ወይም አትግባ ብሎ ማስገደድን ብቻ ሳይሆን በማኅበር ምርጫ ለአንድ ዕጩ ድምፅ ስጥ ወይም አትስጥ ብሎ ማስገደድንም በስም ጠቅሶ ይከለክላል። ኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 98ም አሠሪ በማኅበር ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ያዛል። ፋብሪካው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው።

ነገር ግን ሰውዬው ማን እንደሆነ መለየት አለበት። «ኃላፊ» የተባለ ሁሉ የሥራ መሪ አይደለም። አዋጁ የሥራ መሪ የሚለው የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን ያለውን ሰው ነው። የእናንተ ኃላፊ እንዲህ ያለ ሥልጣን ካለው የማኅበሩ አባል አይሆንም፤ በምርጫው ስብሰባ ላይም ቦታ የለውም። ፈትል ሲበጠስ እየተሯሯጠ የሚቆጣጠርና ሪፖርት የሚሞላ ብቻ ከሆነ ግን እሱም እንደ እናንተው ሠራተኛ ነው። እንደ አባል የራሱን ዕጩ ማሞገስ ይችላል፤ በአሠሪው ስም ማስፈራራት ግን አይችልም። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከሥራ መደብ መግለጫውና በፊርማው ከሚወጡት ደብዳቤዎች ነው። የገፋበት ከሆነ የተናገረውን ቃል በቃል፣ ከቀንና ከሰዓት እንዲሁም አጠገባችሁ ከነበሩት ሰዎች ስም ጋር በዚያው ዕለት ጻፉት። ወር ቆይቶ የሚጻፍ ማስታወሻ ፍርድ ቤት ውስጥ ክብደቱ ይቀንሳል።

በነገራችን ላይ ተቃራኒውም ዘዴ አለ፤ ሹመት። ጠንካራውን ዕጩ ምርጫው ሳምንት ሲቀረው እውነተኛ የሥራ መሪ አድርጎ መሾም ከማኅበሩ ያስወጣዋል። ሹመቱን መቀበል አለመቀበል የራሱ የሰውዬው ነው፤ እናንተ ግን ሁለተኛ ዕጩ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።

ምርጫው ራሱ እንዴት ይካሄድ የሚለውን አዋጁ ዝርዝር አያወጣለትም፤ የስብሰባና የምርጫ ሥነ ሥርዓት በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ እንዲገኝ ነው የሚያዘው። ስለዚህ ዛሬ ሊያደርጉት የሚገባው የመጀመሪያ ሥራ የደንቡን ቅጂ ከማኅበሩ ጸሐፊ መጠየቅ ነው። ካልሰጡዎት ማኅበሩ ሲመዘገብ ደንቡን ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አስገብቷልና በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን የያዘው ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ደንቡ ውስጥ የሚፈልጉት ምልዓተ ጉባኤው (ስብሰባው እንዲጸና መገኘት ያለበት ሰው ብዛት) ስንት እንደሆነ፣ ጥሪው ከስንት ቀን በፊት እንደሚለጠፍ፣ ድምፁ በምስጢር ወይስ በእጅ እንደሚሰጥ፣ ቅሬታ በስንት ቀን እንደሚቀርብ ነው።

ከዚያ የመራጮች ዝርዝር። አብዛኛው ምርጫ የሚበላሸው በድምፅ መስጫው ቀን ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። አባልነት የሚረጋገጠው በአባልነት ቅጽና በመዋጮ ነው። መዋጮው ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ በሰጠው ስምምነት ነውና (አንቀጽ 59) የተቆረጠበት ሰው ዝርዝር ደመወዝ ክፍል አለ። የማኅበሩን መዝገብና ይህን ዝርዝር ጎን ለጎን ይዛችሁ አመሳክሩ። መዋጮ እየተቆረጠበት ስሙ የሌለ፣ ሥራ ለቆ ስሙ የቀረ፣ ወሊድ ላይ ሆና የተዘለለች ትኖራለች። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛም ሠራተኛ ነው፤ «ገና 60 ቀን አልሞላውም» ተብሎ አይጣልም። በኤጀንሲ በኩል የመጡትን በተመለከተ ውላቸውን እዩ፤ አሠሪያቸው ኤጀንሲው ከሆነ የእናንተ መራጭ አይደሉም። ዝርዝሩ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ይለጠፍ፤ ያልተለጠፈ ዝርዝር የማታ ማታ ያድጋል።

ሰዓቱን በተመለከተ ያለፈውን ምርጫችሁን በቁጥር እንየው። ክፍሉ 240 ነው፤ በፈረቃ 80። ደንባችሁ ግማሽ ሲደመር አንድ የሚል ከሆነ ምልዓተ ጉባኤው 121 ነው። ከቀኑ 8፡00 ላይ ሊገኙ የሚችሉት የሚወጣውና የሚገባው ፈረቃ፣ በድምሩ 160 ናቸው። ከሚወጡት ውስጥ 40ው የደሴ ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው ቢሄዱ 120 ይቀራል፤ በአንድ ሰው ጎደለ ማለት ነው። ከሚገባው ፈረቃ ደግሞ ማሽን ጥሎ የማይወጣ አለ። ሰርቪሱ 25 ኪሎ ሜትር ዳገት ይዞ የሚወጣ ነው፤ አንዴ ካመለጠ ሰው በኪሱ ታክሲ ሊይዝ ነውና አይቆይላችሁም። እኔ የምመክረው ሳጥኑ ቀኑን ሙሉ እንዲቀመጥና በሦስቱም መለዋወጫ፣ ከጠዋቱ 12፡00፣ ከቀኑ 8፡00 እና ከምሽቱ 4፡00 ላይ ድምፅ እንዲሰጥበት ነው። ደንቡ የግድ ስብሰባ ካለ ሰርቪሱ ለአንድ ቀን አንድ ሰዓት እንዲዘገይ ለአስተዳደሩ አስቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። ዓርብ ቀትር ጁምዓ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ መሆኑን ለወሎ ሰው አልነግርም፤ ግን ቀኑን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ከሆነ ንገሩት።

እጅ ማውጣትን፣ ደንቡ ቢፈቅደውም፣ አልወደውም። ኃላፊው በር ላይ ቆሞ ማን እጁን እንዳወጣ እያየ ኮንትራት የሚያድስ ከሆነ ያ ምርጫ ሳይሆን ምዝገባ ነው። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ተራ ቁጥር በጉርዱ ላይ እንጂ በራሱ ላይ አይኑረው፤ በማኅበሩ ማኅተም ይመታ። ሳጥኑ ባዶ መሆኑ ለታዛቢዎች ታይቶ ይታሸግ። በፈረቃዎች መካከል በቀዳዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎ የዕጩዎች ወኪሎች ይፈርሙበት፤ ጥበቃ ቤት አታስቀምጡት። ቆጠራው ላይ ሦስት ቁጥሮች ካልገጠሙ አትፈርሙ። ለምሳሌ 250 ወረቀት ታትሞ 37 ካልተሠራበት፣ የመራጮች ፊርማ 213፣ ሳጥን ውስጥ ያለውም 213 መሆን አለበት።

ቃለ ጉባኤውንም እዚያው ጻፉት። «እከሌ በሙሉ ድምፅ ተመርጠዋል» የሚል ሁለት መስመር ለክርክር አይበቃም። ቢያንስ እንዲህ ይሁን፦ «ከተመዘገቡት 240 አባላት 213 ድምፅ ሰጥተዋል። ዕጩ ሀ 118፣ ዕጩ ለ 89 አግኝተዋል፤ 6 ወረቀት ዋጋ አልባ ሆኗል። የዕጩ ለ ወኪል ከምሽቱ 4፡00 በኋላ ሳጥኑ ለ20 ደቂቃ ያለ ታዛቢ ቆይቷል በማለት ተቃውሞ አስመዝግበዋል።» ተቃውሞ ያለበት ቃለ ጉባኤ አያስፍራችሁ። ተቃውሞውን ያልጻፈው ነው ኋላ የሚያጣላው።

ቅሬታ ካለ መጀመሪያ ለምርጫ አስፈጻሚው፣ ደንቡ በሚለው ቀን ውስጥ፣ በጽሑፍ ይቅረብ፤ ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ ይፈርም። ካልተፈታ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው፣ ቀጥሎ ማኅበሩ አባል ወደሆነበት የኢንዱስትሪ ፌዴሬሽን ይሄዳል። የአሠሪውን ጣልቃ ገብነት ግን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት፤ እሱ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የሚቀርብ ሌላ አቤቱታ ነው። ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ ሲጻፉ አንደኛው ቢሮ «የማኅበር የውስጥ ጉዳይ ነው» ብሎ ሁለቱንም ይመልሳል።

ማንን እንምረጥ ላሉት፣ በስብሰባ ጮክ ብሎ የሚናገረውን ብቻ አትዩ። የደመወዝ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ዕጩውን ጠይቁት፦ በሕዝብ በዓል የሠራሁት ትርፍ ሰዓት ስንት ሊከፈለኝ ይገባ ነበር? አዋጁ የትርፍ ሰዓትን ከንጋቱ 12፡00 እስከ ምሽቱ 4፡00 በ1.5፣ ሌሊቱን በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ያባዛዋል። ይህን ባያውቀው አይፈረድበትም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ማስላት ከጀመረ ግን ሰውዬውን አገኛችሁት። የትኛው ፈረቃ ላይ እንዳለ፣ የሌሊቶቹን ሰዎች በምን ሰዓት እንደሚያገኝ ጠይቁት። ጊዜውንም ጠይቁት፤ አንቀጽ 82 ለድርድር፣ ለክርክርና ለማኅበር ስብሰባ ደመወዝ ያለው ፈቃድ የሚሰጠው ለማኅበር መሪዎች ነው። የክፍል ተጠሪ በዚህ ይካተት አይካተት በኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ ፈልጉ፤ ከሌለ ተጠሪው ከፈረቃው ውጪ በራሱ ሰዓት እንደሚሠራ አውቆ ይግባ።

እርስዎ ቢወዳደሩ? ኮንትራቱን ብቻ ፈርተው ከሆነ የሚተዉት፣ አይተዉ። ዕጩነትዎን በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ ቀንና ፊርማ ይቀበሉ። ስንብት ቢመጣ ዕጩ የሆኑት ከስንብቱ በፊት መሆኑን የሚያሳየው ያ ፊርማ ነው።

ከክፍል ተጠሪ ሌላ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴም ሲመረጥ የአዲሶቹ መሪዎች ስም፣ አድራሻና ፊርማ ከቃለ ጉባኤው ጋር በዚያው ሳምንት ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ይግባ፤ ገቢ የተደረገበት ማኅተም ያለው ቅጂ ለአሠሪውና ለባንኩ ይሰጥ። ይህ ሲዘገይ አሠሪው «የማውቀው የድሮውን ሊቀመንበር ነው» ብሎ ድርድር ያቆማል፤ ባንኩም ገንዘብ የሚሰጠው በድሮዎቹ ፊርማ ነው።