የነቢያትን ጾም ከመሃል መጀመር ይቻላልን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፥ እንደምን ሰነበቱ? ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ በሥራ ብዛትና ከባልደረቦቼ ጋር በምንበላው ምሳ እያመካኘሁ ሳልጀምር ቀረሁ። አሁን ታኅሣሥ ሲገባ ልቤ ወቅሶኝ ልጹም ብል፥ አንዲት ጓደኛዬ «ከመጀመሪያው ያልያዝሽው ጾም አይቆጠርልሽም፤ ለከርሞ ይቆይሽ» አለችኝ። እውነት ነውን?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፥ እውነት አይደለም። ዛሬውኑ ጀምሪ።

ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ስለሆነው ስለዚህ ጾም ሥርዓቱን ስለምታውቂው አልዘረዝርልሽም። ይልቁንም የጓደኛሽን አነጋገር በየዓመቱ ከብዙዎች አፍ እሰማዋለሁና በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ። «ሁለት ቀን ስለ ገደፍሁ ተውሁት» የሚለኝም፥ «እኔ እንኳ አንድም ቀን አላጎደልሁም» የሚለኝም ሁለቱም ጾምን የሚያዩት በቀን ቁጥር ተከፍሎ እንደሚያልቅ ዕዳ ነው። አንዱ መክፈል ሲያቅተው ይሸሻል፤ ሌላው ከፍዬ ጨረስሁ ብሎ ጎረቤቱን ይታዘባል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 «በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ» ያለው ፈሪሳዊ አልዋሸም፤ በእርግጥ ይጾም ነበር። ነገር ግን በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ የራሱን ጽድቅ ሲቆጥርና ቀራጩን ሲንቅ ሳይጸድቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ነቢያት የጾሙት ሊቆጥሩ ሳይሆን የሚመጣውን ናፍቀው ነው። ቤተ ክርስቲያናችንም ከልደት በፊት ያሉትን ሦስት እሑዶች ስብከት፥ ብርሃን፥ ኖላዊ ብላ ስትሰይም ይህንኑ ናፍቆት በአፋችን ታኖራለች። ምስባኩን፥ ማለትም በቅዳሴ ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የዳዊት መዝሙር ጥቅስ፥ ልብ ብለሽ ብትሰሚ ሁሉም ልመና ነው፦ በስብከት «ፈኑ እዴከ እምአርያም»፥ እጅህን ከአርያም ላክ፤ በብርሃን «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ»፥ ብርሃንህንና ጽድቅህን ላክ፤ በኖላዊ ደግሞ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ፥ ተገለጥ እያልን እንጮኻለን። በብዙ ውኃ መካከል ሆኖ እጅህን ላክልኝ የሚል ሰው ጩኸቱን በስንተኛው ቀን እንደ ጀመረ ማን ይጠይቀዋል? ሦስቱም እሑዶች ደግሞ ገና ከፊትሽ ናቸው፤ የመጀመሪያው ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው ሳምንት ይውላል።

«ክርስቶስ ተወልዶ ሳለ የምን መጠበቅ ነው?» የሚሉሽም አይጠፉም። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 9 መጨረሻ ላይ ለሚጠባበቁት ሁለተኛ ጊዜ እንደሚታይ ተጽፏልና የእኛም መጠበቅ የማስመሰል አይደለም።

ይህን ስል ግን ያለፉትን ቀናት እንደ ዋዛ እንድትቆጥሪያቸው አልፈቅድልሽም። ታመሽ ሳይሆን ቸል ብለሽ ነው የተውሽው፤ ስለዚህ ለንስሐ አባትሽ ሳትሸፋፍኚ ንገሪ። ያጎደልሁትን ከበዓሉ በኋላ እሞላለሁ ብለሽ በራስሽ ላይ ቀኖና አትሥሪ፤ ይህ የእርሳቸው ድርሻ ነው።

ስለ ምሳውም አንድ ነገር ልበልሽ። ዛሬ በከተማችን መካከል የጾም ኬክና የጾም በርገር የማይሸጥበት ካፌ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ እኔም መብላቱን አልከለክልም፤ ነገር ግን ምግቡን ለውጦ ወጪውንም ጥጋቡንም እንደ ነበረ የተወ ሰው ከጾም ደጅ ገና አልገባም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲናገር እንጀራህን ለተራበ ቍረስ ይላል። አንቺ ከቢሮሽ ወደ ታክሲ ስትሄጂ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አጥር ሥር ነጠላቸውን ዘርግተው የተቀመጡትን እናቶች በየቀኑ ታያቸዋለሽ። ከባልደረቦችሽ ጋር ለምሳ ታወጪው ከነበረው ላይ ግማሹን ለእነርሱ አድርጊው። ባልደረቦችሽ ለምን ቀረሽ ቢሉሽ ጾም ነው በያቸው፤ ምናልባት ከመካከላቸው እንዳንቺ ጊዜው አለፈኝ ብሎ የተወ ይኖራል።

የልደት ቅዳሴ የሚቀደሰው በሌሊት ስለሆነ በዋዜማው ምሽት የዶሮውን ሥራ ለቤተ ሰቡ ተዪና አጥቢያሽ ሄደሽ አስቀድሺ። ስለ ቅዱስ ቍርባን ግን ከአሁኑ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ ጨርሺ።