ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ የካንሳስ ሲቲን ብርድ ይችላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 58 ነው፣ የምኖረው ካንሳስ ሲቲ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገው ልጄ የከተማው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የቺፍስ የለየለት ደጋፊ ነው። ቡድኑ ለጥሎ ማለፉ ከደረሰ በጥር ወር አሮውሄድ ስታዲየም አብሬው እንድገባ ቃል አስገብቶኛል። ባለቤቴ ግን «በዚያ ብርድ ሬሳህ ነው የሚመለሰው» ብላ ተቆጥታለች። እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት፣ ውርጭ ለእኔ ብርቅ አይደለም። ስኳር አለብኝ፤ ሜትፎርሚን እውጣለሁ፣ ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ለደም ግፊት ደግሞ አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ሌላ ችግር የለብኝም፤ ሌሊት ሌሊት ብቻ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል። ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ቆም ያልኩት «ሌላ ችግር የለብኝም» ካሉ በኋላ ባስከተሏት ነገር ላይ ነው። ወደ እግርዎ እመለሳለሁ። አስቀድመን የደብረ ብርሃኑን ነገር እንጨርስ።

የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አዝመራ እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። ግን እዚያ ሌሊቱ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ ቢል፣ ፀሐይ ስትወጣ አመዳዩ ይረግፋል። ውርጩ በሚበረታበት ሰዓትም ሰው ቤቱ ነው። ለከተራ ውጭ የሚያድረው እንኳ እየዘመረ፣ እያሸበሸበ ነው የሚያነጋው። ጃንዋሪ 13 ቀን 2024 ቺፍስ በአሮውሄድ ማያሚ ዶልፊንስን ሲያስተናግድ ግን ጨዋታው የተጀመረው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነበር (በፋራናይት ከዜሮ በታች 4)። ነፋሱ ሲታከልበት ገላ ላይ የሚያርፈው ከዜሮ በታች 33 ያህል ነው። የቺፍስ አሰልጣኝ የአንዲ ሪድ ሪዝ በረዶ አቀረረ። የተጫዋቹ የፓትሪክ ማሆምስ የራስ ቁር ሲጋጭ ተሰብሮ ቁራሹ ወለቀ፤ ቁር የራስ ቁርን ሲሰብር ያየሁት ያኔ ነው። ቺፍስ 26 ለ 7 አሸነፈ። ከተመልካቹ ግን በዚያው ምሽት ሆስፒታል የተወሰዱ ነበሩ፣ ከሳምንታት በኋላም የእጅና የእግር ጣታቸው የተቆረጠ እንዳሉ የከተማው ሐኪሞች ተናግረዋል።

ልብ ይበሉ፣ ተጫዋቾቹ አይደሉም ጣታቸውን ያጡት። እነሱ ይሮጣሉ፣ ሲወጡም የሚሞቅ አግዳሚ ወንበር ይጠብቃቸዋል። ተመልካቹ ሲሚንቶ ላይ እግሩን አሳርፎ ይቀመጣል። የጨዋታው ሰዓት 60 ደቂቃ ቢባልም ከነማቆሚያው ከ3 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ልጅዎ በመኪና ማቆሚያው ሜዳ ሥጋ መጥበሱንም የሚወድ ከሆነ፣ ሌላ 2 እና 3 ሰዓት ይጨምሩበት።

ሰውነት ሲበርደው ልብንና አንጎልን ለማዳን ወደ ጣት፣ ወደ ጆሮና ወደ አፍንጫ የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠባል። መጀመሪያ ቆፈን ይመጣል፣ ያማል፣ ይጠዘጥዛል። ከዚያ ሕመሙ ይጠፋል። ሰው «አሁንስ ለመድኩት» የሚለው ያኔ ነው። አልለመደውም፤ ነርቩ ነው ዝም ያለው። ከዚያ በኋላ ቆዳው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ መሥራት ይጀምራል። ፈረንጆች ፍሮስትባይት ይሉታል። እኛ ከጉንፋን እስከ ሳንባ ምች ያለውን ሁሉ «ብርድ መታኝ» ስለምንል፣ ይህን ለይተን የምንጠራበት የተለመደ ስም የለንም። እንደዚያ ምሽት ባለ ነፋስ የተጋለጠ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ በረዶ ሊሠራ ይችላል። እናም ለሁሉም ታካሚዎቼ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ጣትዎ ሲያምዎት ገና ጊዜ አለዎት፣ ከወንበርዎ መነሣት ያለብዎት ያኔ ነው፤ ሕመሙ ጥሎዎት ከሄደ ግን ዘግይተዋል።

የእርስዎ ጣጣ እዚህ ጋ ነው። ሌሊት ውስጥ እግርን ማቃጠል ስኳር ላለበት ሰው ብዙውን ጊዜ የነርቭ መጎዳት ምልክት ነው። ያ ነርቭ ከደከመ ቆፈኑንም በቅጡ አይነግርዎትም። ደወሉ የተበላሸ ቤት ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ካልሲዎን ያውልቁና ዓይንዎን ይጨፍኑ። ልጅዎ በጣቱ ጫፍ የእግርዎን አውራ ጣት፣ መካከለኛዋንና ትንሿን በየተራ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴኮንድ ብቻ ይንካ፤ በሁለቱም እግር 6 ቦታ ማለት ነው። ሳይጫን፣ ሳይወጋ፣ ሳይኮረኩር። ሲሰማዎት «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። ከ6ቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካመለጡዎት የእግርዎ ስሜት ቀንሷል፤ ጨዋታ ኖረም አልኖረ ሐኪምዎ እግርዎን ማየት አለበት።

እንዲህ ከሆነ መልሴ አጭር ነው፦ ከዜሮ በታች 20 በሚሆን ምሽት አይሂዱ። ባለቤትዎ አባባሏ ቢከብድም አልተሳሳተችም። ልጅዎ በመስከረም ወይም በጥቅምት ይውሰድዎት፤ ያው ስታዲየም፣ ያው ጩኸት ነው። ስድስቱም ከተሰሙዎትና የደም ግፊትዎ የተስተካከለ ከሆነ ግን አልከለክልዎትም። ደረት የሚያፍን ወይም ደረጃ ሲወጡ የሚያስቆም ሕመም ኖሮ ከሆነ ግን ይህ ፈቃድ ተነሥቷል። ብርድ ራሱ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ልብንም ያደክማል።

ከሄዱ ጫማ ላይ እንነጋገር፤ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ሁለት ወፍራም ካልሲ ጠባብ ጫማ ውስጥ መጠቅጠቅ የደም ዝውውርን ያንቃል፣ ከአንድ ካልሲም የባሰ ነው። ሰፋ ያለ ቡት፣ አንድ ጥሩ የሱፍ ካልሲ፣ ጣት እንደልብ የሚንቀሳቀስበት ቦታ። ከእግርዎ ሥር ወፍራም ካርቶን ያንጥፉ፣ ሲሚንቶው ሙቀትዎን እንዳይመጥጠው። ለእጅ አራቱን ጣት በአንድ ላይ የሚይዘው ጓንት ባለ አምስት ጣቱን ያስንቃል። ጋቢዎንም ይዘው ይሂዱ፣ አልስቅም፤ ግን ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ ጠላት ነው፣ ነፋስ ከማያስገባው ጃኬት ሥር ይሁን። የሚሞቁትን ትናንሽ ከረጢቶች በቀጥታ ቆዳዎ ላይ አያድርጉ፤ ስኳር ያለበት ሰው ሳይሰማው ይቃጠላል።

በየ20 ደቂቃው ተነሥተው ወደ ውስጠኛው ኮሪደር ይግቡ፣ ግብ ቢያመልጥዎት ስክሪኑ ይደግመዋል። ከልጅዎ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ፣ አፍንጫና ጆሮ። ብዙ ቦታ «ቆዳው ነጭ ይሆናል» ተብሎ የተጻፈው ለነጭ ቆዳ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ አመድማ፣ ግራጫ፣ ሰም የመሰለ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ሲነኩትም ይደርቃል። የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች የረጅም ዓመት መዛግብት ጥቁር ወታደሮች ከነጮቹ በበለጠ በብርድ እንደሚጎዱ ያሳያሉ። «ሀበሻ ደጋ ነው ያደገው» የሚለው ጨዋታ ሥራ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቢራውንም ሆነ «ብርድ ማባረሪያ» የሚባለውን አረቄ ይተዉ። አልኮል የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ሙቀት ይሰማዎታል፤ እየወጣ ያለው ግን የውስጥ ሙቀትዎ ነው። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ደግሞ ስኳር ያወርዳል። መንቀጥቀጥም ስኳር ይበላል፤ የብርድ መንቀጥቀጥና ስኳር የወረደበት ሰው መንቀጥቀጥ ደግሞ ይመሳሰላሉ። ከመግባትዎ በፊት ይለኩ፣ ጠግበው ይብሉ፣ ከረሜላ ኪስዎ ይኑር። መለኪያዎ ከበረደው ስለማይሠራ ከውስጥ ኪስዎ ያኑሩት። የማታውን ኢንሱሊን ቤት ትተው ሲመለሱ ይውጉት፣ መኪና ውስጥ አይተዉት። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል።

ቢደርስስ? በበረዶ ማሸት፣ በእጅ መፈተግ፣ ማሞቂያ ላይ መደገን ሦስቱም ጉዳት ያብሳሉ። ተመልሶ በረዶ ሊሠራ በሚችልበት ቦታ አያሙቁት። ሞቃት ክፍል ሲገቡ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሚሆን ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይንከሩት፤ ውኃውን የሚፈትነው ግን ልጅዎ በክርኑ ይሁን፣ እርስዎ አይደሉም። ሲቀልጥ ክፉኛ ያማል፣ ያ ጥሩ ምልክት ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው መንቀጥቀጡን ካቆመ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም ከተደናገረ ግን የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው 911 ይደወላል።

ደም የቋጠረ እብጠት ከወጣ ወይም ከሞቀ በኋላም ካልተሰማዎት እስኪነጋ አይጠብቁ። ድሮ ቀዶ ሐኪሞች «በጃንዋሪ በረዶ የሆነ በጁላይ ይቆረጣል» ይሉ ነበር፣ ወራት ከመጠበቅ በቀር የሚሰጡት ስላልነበራቸው። አሁን የረጋን ደም የሚያሟሙ መድኃኒቶች ከቀለጠ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ ከተሰጡ ጣት ያድናሉ። ኢሎፕሮስት የተባለውን የደም ሥር የሚከፍት መድኃኒትም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለከባድ ፍሮስትባይት ያጸደቀው በፌብሩዋሪ 2024 ነው፣ ከዚያ የአሮውሄድ ምሽት አንድ ወር በኋላ።

ልጅዎ ስድስቱን ጣት ሲነካ ስንቱ እንደተሰማዎት ይጻፉልኝ፤ ትኬቱን ከመግዛቱ በፊት ቢሆን ይሻላል።