ዓይን ሸፍኖ መሄድ ይጠቅማል?

ወንድሜ፣ «ዓይነ ስውራን መንገድ በሚዳስሱበት በነጭ በትር የእግር ጉዞው ላይ እኛ ዓይናችን የሚያይ ሰዎችም ዓይናችንን ሸፍነን እንሂድ ወይ?» ላልከው፣ ብትተዉት ይሻላል ባይ ነኝ። ለጥቂት ደቂቃ ዓይኑን የታሰረ ሰው የሚተርፈው ድንጋጤ ብቻ ነው። በትሩን የለመደ ሰው ግን የመንገዱን ጠርዝ፣ ደረጃውንና ጉድጓዱን በጫፉ ቀድሞ ያገኛል። ቀኝ እግሩ ሲራመድ በትሩ ግራውን ይነካል፤ ግራው ሲራመድ ቀኙን። ይህን ከበትር ተጠቃሚዎቹ ጎን እየሄዳችሁ እዩ፤ በጣም ደስ ይላል። ጉዞውንም ዓይነ ስውራን ራሳቸው ይምሩት።

መርዳት የፈለገ መጀመሪያ ይጠይቅ። እሺ ከተባለ ክርኑን ያስይዝ እንጂ እጃቸውን ወይም በትራቸውን አይጎትት። ደግሞ በትር የያዘ ሁሉ ጭራሽ አያይም ማለት አይደለም፤ በከፊል የሚያዩም ብዙ ናቸው። ቀን ገና ካልቆረጣችሁ፣ የነጭ በትር ቀን በየዓመቱ ኦክቶበር 15 ነው።