የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለስንዴ የሚሆን ባዮ ማዳበሪያ አለ ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን። እኔ አዘዞ ነው የምኖረው። አባቴ ግን ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ስንዴና ባቄላ ያርሳሉ። የማዳበሪያ ዋጋ አቅማቸውን ፈትኖታል፤ መሬቱም እንደ ድሮው አይሰጥም ይላሉ። ሰሞኑን አንድ ነጋዴ በጠርሙስ ያለ «የስንዴ ባዮ ማዳበሪያ» አሳየኝ። ዘሩ በእሱ ከታሸ ዩሪያ አያስፈልግም ይላል። ልግዛላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ «ዩሪያ አያስፈልግም» ከሚል ሰውስ አትግዢ።

ባዮ ማዳበሪያ ማለት ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች ያሉበት ማዳበሪያ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ስንዴው የሚመገበው ናይትሮጅን 46 ኪሎ አለ። ከምንተነፍሰው አየርም 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ስንዴ ግን ከአየር መውሰድ አይችልም። ይህን የሚችሉት አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናቸው። በስንዴ ሥር ዙሪያ የሚኖሩት፣ አዞስፒሪለምና አዞቶባክተር የሚባሉት፣ ሥሩ እንዲበዛ ያግዛሉ፣ ትንሽ ናይትሮጅንም ይሰጣሉ። ግን ውጤታቸው ከማሳ ማሳ ይለያያል፤ የዩሪያን ቦታ አይሸፍኑም። ጠርሙሱ ላይ የባክቴሪያው ስም፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን ከሌለ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል? ገንዘቡን አስቀምጪው።

ደስ የሚለው ነገር አባትሽ ባቄላም ያርሳሉ። ለስንዴው ዋናው ጥቅም የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

ባቄላ ሥር ላይ እብጠት የሚሠራ ራይዞቢየም የሚባል ባክቴሪያ አለ። ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለባቄላው ይመግባል፤ በሥሩና በረገፈው ቅጠል የቀረው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ማሳ ላይ ለሚዘራው ስንዴ ይተርፋል። አገር ውስጥ እንደ መናገሻ ባዮቴክ ያሉ ድርጅቶች በፓኬት ያዘጋጁታል፤ 125 ግራሙ ለሩብ ሄክታር ነው። ስትገዙ «ለባቄላ» የሚል መሆኑን እዩ፣ የሽምብራው ሌላ ነው። ዘሩን ጥላ ሥር አድርጋችሁ በስኳር ውኃ ትንሽ አርጥቡት፣ ዱቄቱን ሁሉም ፍሬ እስኪለብስ እሹት፣ ከዚያ በዚያው ቀን እርጥበት ባለው መሬት ላይ ዝሩና ወዲያው አፈር አልብሱት። ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ ፀሐይ ይገድለዋል። ኤንፒኤስ ከሚባለው ማዳበሪያ ጋር በአንድ ዕቃ ማደባለቅም እንዲሁ። አበባ ሲይዝ አንድ ሁለት ተክል ከነሥሩ ቆፍራችሁ እብጠቱን በጥፍር ሰንጥቁት፤ ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን አልሠራም።

አንድ ነገር አደራ! ባቄላው ሲደርስ አይነቀል፣ በማጭድ ይታጨድ። ከተነቀለ ሥሩ አብሮ አውድማ ይሄዳል፣ ስንዴው ሊያገኘው የሚገባውም አብሮት ወጣ ማለት ነው።

በባቄላው ማሳ ላይ ስንዴ ሲዘራ ዩሪያውን በአንዴ አይተዉት። ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ተመካክረው ትንሽ ቀንሰው፣ በአንድ ጥግ ደግሞ የድሮውን መጠን ሰጥተው ያወዳድሩ። ዓይናቸው ያየውን ነው የሚያምኑት፣ ልክም ናቸው።

«መሬቱ እንደ ድሮው አይሰጥም» ያሉት ግን በባክቴሪያ ብቻ የሚድን አይመስለኝም። ፍጉ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ገለባው ለከብት ይሄዳል፣ አፈሩ ምን ይብላ? ማገዶ ከየት ይምጣ የሚለው ከባድ ጥያቄ መሆኑን አውቃለሁ፤ እናቶች ናቸው የሚሸከሙት። ቢሆንም አመድ፣ የቤት ጥራጊ፣ የበረት ትርፍራፊና አረም ተጠራቅሞ ኮምፖስት ቢሆን፣ መጀመሪያ ለጓሮው ቅርብ ለሆነው ማሳ ቢሰጥ፣ ለውጡ ቀስ እያለ ይታያል። አፈሩንም አስመርምሩት። የአሲድነት መለኪያው፣ ፒኤቹ፣ ከ5.5 በታች ከሆነ አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ፎስፈረስ የሚባለው የሰብል ምግብ አፈሩ ውስጥ ይታሰራል፣ ራይዞቢየሙም ይደክማል፤ ያኔ ከሁሉ በፊት ኖራ ነው የሚያስፈልገው።

ጥያቄ፦ ደንቢያ፣ ጣና ዳር ነን። ከሐይቁ የምናወጣውን እምቦጭ ኮምፖስት ብናደርገው ስንዴና ጤፉን ይጎዳዋል?

መልስ፦ በደንብ ከተብላላ አይጎዳም። ችግሩ ዘሩ ነው፤ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ አበባ ሳያወጣ የተነቀለውን ብቻ ተጠቀሙ። ብዙ ውኃ ስላለው መጀመሪያ ጠውለግ ይበል፤ ከዚያ ከገለባና ከፍግ ጋር እየደረደራችሁ ከምሩት። ክምሩ መሀሉ መጋል አለበት፤ እንጨት ሰክታችሁ ቆይታችሁ ስታወጡት ካልሞቀ ገልብጡት፣ ደርቆ ከሆነ ውኃ ጨምሩበት። ክምሩን ከሐይቁም ከወንዝም ራቅ አድርጉት፤ የክረምት ጎርፍ እንዳይመልሰው።