ከነተከራዮቹ የሚሸጥ የጭቃ ቤት

ጥያቄ፦ ጉለሌ አካባቢ አንድ አሮጌ የጭቃ ቤት ልገዛ ነው። ዋናው ቤት ባዶ ነው፤ በጓሮው ያሉት አራት ሰርቪስ ክፍሎች ግን ለብዙ ዓመታት የኖሩ ተከራዮች አሏቸው፤ እንዲወጡም አልፈልግም። ሻጩ ግድግዳውን በቅርቡ በሲሚንቶ አስለስኖ ቀለም አስቀብቷል። ሰዎቹ እያሉ ማደስ ይቻላል? ከመክፈሌ በፊትስ ምን ልመልከት?

መልስ፦ ማደሱ ይቻላል፤ ያ አዲስ ልስን ግን አላማረኝም። የጭቃ ቤት የሚወድቀው ከግርጌው ነው። ቋሚው ከመሬት በሚገናኝበት ቦታ እርጥበትም አየርም ስለሚያገኝ ቀድሞ የሚበሰብሰው፣ ምስጥም የሚገባበት እዚያ ነው። ግድግዳው በሲሚንቶ ሲለሰን የጭቃው እርጥበት መውጫ ያጣና እንጨቱ ማንም ሳያየው ያልቃል። ስለዚህ ሻጩን አስፈቅደው በየክፍሉ ጥግ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ልስኑን በትንሹ ያስፍቁና ቋሚው ላይ ካቻቢቴ ይጫኑ። ጥድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይመክታል። ባሕር ዛፍ ሆኖ ካቻቢቴው ሰተት ብሎ ከገባ፣ ያ ቋሚ እንደሌለ ይቁጠሩት። ሻጩ «ቀለሜ ይበላሻል» ብሎ ከከለከለዎትም መልሱን አግኝተዋል።

ቀሪውን ከእኔ ይልቅ ተከራዮቹ ያውቁታል። ሻጩ በሌለበት ያነጋግሯቸው፦ ነሐሴ ላይ ባልዲ የሚያስቀምጡት የት ነው? ጎርፉ በየት በኩል ይገባል? የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በክረምት ይሞላል? እንጀራ ሲጋገር መብራት ይጠፋል? የመጨረሻውን አይናቁት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ማለት ነው። ለአምፖል የተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህን አይችልም፤ ኮርኒስ ውስጥ ይግላል። ለምጣድ ብቻ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከራሱ ብሬከር ጋር ያዘርጉ።

ሥራውን ከላይ ይጀምሩ፦ መጀመሪያ ቆርቆሮውና አሸንዳው፣ ቀጥሎ የውኃ መውረጃው፣ ከዚያ በኋላ ቋሚዎቹ። ከዋናው ቤት አንድ ክፍል አስተካክለው፣ የእያንዳንዱ ሰርቪስ ተራ ሲደርስ ቤተሰቡን ወደዚያ ያዛውሩ። ጣሪያውን የተሸከመውን አግዳሚ በድጋፍ እንጨት ሳያስይዙ ቋሚ አያስነኩ፤ በአንድ ግድግዳ ላይም በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አይቆረጥ። የበሰበሰው እግር ተቆርጦ በስሩ ድንጋይ በሲሚንቶ ይገነባል፤ ቋሚው ከመሬት ከፍ ብሎ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረግና በደንብ ይደርቃል። የመጨረሻው ልስን ጭቃ ወይም ኖራ ይሁን። ግንበኛዎ «ሲሚንቶ ይሻላል» ብሎ ይከራከርዎታል፤ አይስሙት።

ቋሚ መቀየር ከቀለም ቅብ የተለየ ሥራ ስለሆነ አስቀድመው የግንባታ ፈቃድ ይጠይቁ። ወጪውንም በኪራይ ጭማሪ እመልሳለሁ ብለው አያስሉ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ጭማሪውም በየዓመቱ ይፋ ከሚደረገው ጣሪያ አያልፍም። የተመዘገቡትን ውሎችና የተከፈለ ቅድሚያ ኪራይ ካለ ማስረጃውን ከሻጩ ይቀበሉ።

የበሰበሱትን ቋሚዎች ቆጥረው የጥገናውን ግምት ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ከግማሽ በላይ ካለቁ ግን ጥገናው አያዋጣም፤ ያን ጊዜ የሚገዙት ካርታውን እንጂ ቤቱን አይደለም፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይደራደሩ።